ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ነገሩኝ፤ ኪኒኑን ልዋጥ ወይስ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

33 ዓመቴ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ካገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ወረደብኝ። የመጀመሪያው በዘጠነኛው ሳምንት ነበር። «የመጀመሪያ ነው፣ ያጋጥማል» ተባልኩና ራሴን አጽናናሁ። ሁለተኛው ግን የልብ ምቱን ከሰማን በኋላ ነው። በ11ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ የምታነሳኝ ልጅ ድንገት ዝም አለችና ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። ያኔ ገባኝ። ይሄ ከሆነ ሦስት ወር ሊሞላው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደም ምርመራ አደረግሁ። «ቲፒኦ አንቲቦዲ» የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ቲኤስኤች የሚሉት ደግሞ 3.1 ነው። ሐኪሜ «ኖርማል ነው፣ መድኃኒት አያስፈልግሽም፣ ስታረግዢ እንከታተላለን» አለኝ። አላረካኝም። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ከማርገዜ በፊት እንድጀምር ሌቮታይሮክሲን የሚባል የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን፣ 50 ማይክሮግራም፣ ጻፈልኝ። ሦስት ቀን ወሰድኩትና ፈርቼ ተውኩት። አሁን መሳቢያ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ተቀምጧል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ፀጉሬም ይረግፋል። ጭንቀት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ የፀጉር ቫይታሚንና ከባሕር አረም የተሠራ «የታይሮይድ ማጠናከሪያ» ልካልኛለች።

አማቴ «ሾተላይ ነው» ብለው ቆርጠዋል። ሥር የሚሰጥ ሰው ጋ ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ። ደሜ ኦ ፖዘቲቭ ነው፤ ይሄ ሾተላይ የሚባለው እኔን ይመለከታል? ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ከሁለተኛው በኋላ ስለ ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የአንቲቦዲውን ውጤት እስካሁን አልነገርኩትም። ሐኪሙ «ሰውነትሽ ራሱን እያጠቃ ነው» ሲለኝ እኔ የሰማሁት «ልጆችሽን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ» ብሎ ነው። ይህን እንዴት ብዬ ልንገረው?

የፊታችን እሑድ ደግሞ የባለቤቴ እህት ልጅ ክርስትና ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖብኛል።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ያለሽ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በኛ አገር ለወረደ ፅንስ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይደረስም፣ እድርም አያውቀውም። ሴትየዋ ጥቂት ቀን ተኝታ ትነሳና ሥራ ትገባለች። ከዚያ «ገና ልጅ ነሽ፣ ይተካል» ይሏታል። አንቺ ግን የልብ ምቱን ሰምተሻል። ያለቀስሽው ለሰማሽው ነው፤ ማንም «ትንሽ ነገር ነው» ቢልሽ አትቀበዪው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። «ሰውነትሽ ራሱን እያጠቃ ነው» የሚለው አነጋገር ለሐኪም የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነው፤ ልጅ ላጣች እናት ግን እንደ ክስ ይሰማል። ስለዚህ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ እንለየው። ታይሮይድ ከጉሮሮሽ ፊት ለፊት ያለች እጢ ናት፤ ስታብጥ እናቶቻችን እንቅርት የሚሏት። ቲፒኦ ደግሞ ይህች እጢ ሆርሞን ለመሥራት የምትጠቀምበት ኢንዛይም ነው። አንዳንድ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ይህን ኢንዛይም እንደ ባዕድ ይቆጥርና አንቲቦዲ የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን ይሠራበታል። ጃፓናዊው ሐኪም ሐሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለዚህ የእጢ መቆጣት ጽፎ ስለነበር በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ልብ በይ፣ አንቲቦዲው ያነጣጠረው እጢዋ ላይ ነው። ልጅሽ ላይ አይደለም።

ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷ ያህል ይህ አንቲቦዲ ይገኝባታል። ብዙዎቹ ተመርምረው ስለማያውቁ ሳያውቁት አርግዘው፣ ወልደው፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ምናልባት አጠገብሽ ባለው መስኮት የምትሠራው ባልደረባሽም አንዷ ትሆናለች።

ታዲያ ከፅንስ መቋረጥ ጋር ግንኙነት የለውም ማለቴ ነው? አይደለም፤ አለው። አልደብቅሽም። በ1990 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ 552 ነፍሰ ጡሮችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች የታይሮይድ አንቲቦዲ ካለባቸው 17 በመቶዎቹ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 8.4 በመቶዎቹ ፅንሱ እንደተቋረጠባቸው አገኙ። እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም ግንኙነቱን ደግመው አይተውታል። ያለጊዜው የመውለድ ዕድልም በመጠኑ ከፍ ይላል። ግን ያንኑ ቁጥር ገልብጠሽ እዪው፤ አንቲቦዲ ካለባቸው መቶ ሴቶች 83ቱ አልወረደባቸውም።

ለምን ይገናኛሉ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። አንደኛው ሐሳብ የተቆጣችው እጢ እርግዝናው የሚጠይቀውን ተጨማሪ ሆርሞን በጊዜው ማድረስ ያቅታታል የሚል ነው። ሌላው አንቲቦዲው ራሱ ጥፋተኛ ሳይሆን፣ የሰውነት መከላከያው በሌላ መንገድ መዛባቱን የሚያሳይ ምልክት ነው ይላል። ሦስተኛም አለ፤ አንቲቦዲ ያለባቸው ሴቶች በአማካይ በዕድሜ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ ዕድሜ ደግሞ በራሱ ፅንስ ያስወርዳል። በዚህ ሁሉ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚቋረጡት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የሚቋረጡት ክሮሞዞማቸው ገና ከጅምሩ ስለተዛባ ነው። ያ ደግሞ አንቺ በበላሽው፣ በተሸከምሽው፣ በተጨነቅሽው ነገር የሚመጣ አይደለም። ያንቺ ሁለቱ ከየትኛው ምክንያት እንደነበሩ ዛሬ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም። «አንቲቦዲው ነው የገደላቸው» የሚልሽ ሰው ካለ ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው። አንቺም ጭምር።

አሁን ኪኒኑ። ሁለቱ ሐኪሞች ተቃረኑ ብለሽ ከመካከላቸው አንዱ አላዋቂ ነው ወደሚል እንዳትሄጂ። ሁለቱም የሚይዙት ነገር አላቸው። ቀደም ሲል ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ጥናት ሌቮታይሮክሲን አንቲቦዲ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች ይረዳል ብሎ ብዙ ሐኪም ተስፋ አድርጎበት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር መመሪያም እንዳንቺ ቀድሞ ለወረደባት ሴት፣ ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ፣ በአነስተኛ መጠን መሞከር ይቻላል ብሎ በሩን ክፍት ትቶታል። ሁለተኛው ሐኪምሽ ምናልባት በዚህ በር ገብቶ ይሆናል።

ከዚያ ግን ትልልቆቹ ጥናቶች መጡ። ብሪታንያ ውስጥ ከ900 በላይ ሴቶች ተሳተፉ። ሁሉም አንቲቦዲ ያለባቸው፣ ሆርሞናቸው ግን ደህና የሆነ፣ ፅንስ የወረደባቸው ወይም ማርገዝ ያስቸገራቸው ናቸው። ግማሾቹ ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ልክ እንዳንቺው 50 ማይክሮግራም ወሰዱ፤ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ኪኒን። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በሕይወት የወለዱት ከወሰዱት 37.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 37.9 በመቶ ሆነ። ልዩነት የለም። ቀጥሎ በ2022 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ፣ ቤልጂየምና ዴንማርክ ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ በወረደባቸው 187 ሴቶች ላይ የተሠራው ወጣ። እነዚህ ያንቺው ዓይነት ናቸው። ኪኒኑን ከወሰዱት 50 በመቶ፣ ካልወሰዱት 48 በመቶ ወለዱ። እኔ ከዚህ የማነበው ሁለት ነገር ነው። አንቲቦዲ ስላለ ብቻ ኪኒን መዋጥ ልጅ አያስገኝም፤ አለመዋጥም ልጅ አያስከለክልም። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ምንም ሳይወስዱ ከሁለቱ አንዷ ልጇን ታቅፋለች፣ ያውም በጥናቱ ጊዜ ውስጥ ብቻ።

ስለዚህ ጥያቄው ያለው አንቲቦዲው ላይ ሳይሆን ቲኤስኤቹ ላይ ነው። ቲኤስኤች አንጎልሽ ታይሮይድን «ሥሪ» ብሎ የሚያዝበት ሆርሞን ነው፤ እጢዋ ስትዳከም ትእዛዙ ይበረታና ቁጥሩ ይወጣል። አንቲቦዲ ላለባት ነፍሰ ጡር ከ2.5 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ክትትል እንጂ ኪኒን አይሰጥም። ከ4 ካለፈ ኪኒኑ ይጀመራል። በመሐል ያለው ሐኪሞች የሚለያዩበት ነው፤ ያንቺ 3.1 ደግሞ እዚያው መሐል ገብቶ ቁጭ አለ። ለዚህ ነው ሁለት መልስ ያገኘሽው።

ግን ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር አለ፤ ከምጽፍልሽ ሁሉ አስቸኳዩም እሱ ነው። ያ 3.1 ሁለት ወር አልፎታል። ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ፀጉሬ ይረግፋል ብለሻል። ጭንቀትም ሊሆን ይችላል፤ ያሳለፍሽው ቀላል አይደለምና። ነገር ግን አንቲቦዲ ያለባት ሴት ከወሊድ በኋላ፣ ፅንስ ከወረደም በኋላ፣ እጢዋ ተቆጥታ ያከማቸችውን ሆርሞን በአንዴ ልትለቅ ትችላለች። ያኔ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይቻልም። ወራት ቆይቶ ደግሞ ይገለበጥና ድካም፣ ብርድ፣ መክበድ ይመጣል። አንቺ አሁን በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ከሆንሽ ተጨማሪ ሆርሞን መዋጥ እሳት ላይ ነዳጅ መጨመር ነው። ስለዚህ መሳቢያው እንዳለ ይቆይ። በዚህ ሳምንት ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ4 (ታይሮይድ ራሷ የምትሠራው ሆርሞን) ተለኪ። ኪኒኑን ለጻፈልሽ ሐኪም ደውዪና «ሦስት ቀን ወስጄ አቁሜያለሁ፣ አሁን ልቤ ይመታል» በዪው። ተቆጥቶ «ለምን አቆምሽ» ቢልሽም ይበል፤ ማወቅ አለበት። ምቱ ከባሰ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ልትስቺ ከደረስሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የአንቲቦዲውን ቁጥር ለማስደገም ግን ገንዘብሽን አታውጪ። መኖሩ ከታወቀ በኋላ ከፍ አለ ዝቅ አለ ሕክምናሽን አይቀይረውም። ብዙ ሴቶች በየሦስት ወሩ እሱን እያስለኩ ሲጨነቁ አያለሁ፤ ላቦራቶሪውን ከመጥቀም በቀር ምንም አያመጣም።

ወደ ምርመራው ስትሄጂ የእህትሽን የፀጉር ቫይታሚን ዕቃ አገላብጠሽ እዪው። እንዲህ ያሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን በብዛት አለ። ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ያሳስታል፤ ቲኤስኤች ከእውነቱ ያነሰ፣ ሆርሞኑ የበዛ መስሎ ይወጣል። ከጀመርሽው ከምርመራው በፊት ጥቂት ቀን አቁሚውና ለሐኪሙም ንገሪው። የባሕር አረሙን ግን ጨርሶ አትክፈቺው። ውስጡ የሚኖረው አዮዲን ልክ የለውም፤ እንዳንቺ ላለች እጢ የበዛ አዮዲን እንደ ማነሱ ሁሉ ይጎዳል። አዮዲንሽን ከቤትሽ ጨው ታገኛለሽ። አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ግዢ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪ። «ጎመን አትብዪ» የሚልሽ ሰው ከመጣ ደግሞ የበሰለ ጎመን በልክ ምንም አይልሽም። እህትሽን አመስግኚያት፤ ከሩቅ ሆና የምትችለው ያንን መላክ ነው።

ሐኪምሽ ውጤቱን አይቶ «ጀምሪ» ካለሽ መድኃኒቱን አትፍሪው። ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው፣ በእርግዝናም ይወሰዳል። አወሳሰዱ ግን ወግ አለው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፤ ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ መቆየት ነው። ቡናም ጭምር! ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጡሽ የአይረን ኪኒንና ካልሲየም ደግሞ በአራት ሰዓት ልዩነት ይራቁት። ጿሚ ከሆንሽና እስከ ቀትር ውሃም የማትቀምሺ ከሆነ፣ እራት ከበላሽ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ልትተኚ ስትይ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂው። ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ።

ኪኒን ጀመርሽም አልጀመርሽም፣ ለሚቀጥለው እርግዝና ዕቅዱ አንድ ነው። ፎሊክ አሲድ ካሁኑ ጀምሪ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም። ሆርሞንሽ እስኪረጋጋ ሙከራውን ትንሽ አቆዩት። የወር አበባሽ የቀረ ዕለት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ ፖዘቲቭ ከሆነ በዚያው ሳምንት ቲኤስኤች ተለኪ። «ሦስት ወር ይሙላው» ብለሽ አትጠብቂ። ልጁ የራሱን ሆርሞን መሥራት የሚጀምረው 12ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ያለው ባንቺው ነው፣ ያንቺም እጢ ሥራው የሚከብድባት በዚያው ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ፣ ቀጥሎ 30ኛው ሳምንት ገደማ አንዴ ትለኪያለሽ። ቁጥሩ ከወጣ በዚያው ይታከማል። ስትወልጂ ደግሞ «አራስ ስለሆንኩ ነው የደከመኝ» ብለሽ አትተዪው፤ አንቲቦዲ ካለባቸው እናቶች ከሦስቱ አንዷ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በአራስነቷ ዓመት እጢዋ ይታወካል።

አንድ ስጋት አለኝ። አንቲቦዲው ሲገኝ «ምክንያቱ ታወቀ» ተብሎ ሌላው ፍለጋ እንዳይቆም። ሁለት ጊዜ ለወረደባት ሴት መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። ዋነኛው አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው ነው፤ ደም የማርጋት ባሕርይ ያለው ሌላ አንቲቦዲ። ከተገኘ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ይረጋገጣል፤ ከተረጋገጠ በአስፒሪንና በሄፓሪን መርፌ ይታከማል። ይህኛው ሕክምናው የሚረዳ ስለሆነ እንዳያልፍሽ። የማህፀንሽ ቅርጽና ስኳርሽም ይታይ። ሁሉን በአንዴ ለማድረግ አቅም ካልፈቀደ ቲኤስኤቹን አስቀድሚ፣ ቀጥሎ አንቲፎስፎሊፒዱን። ደግሞ ሁለት ሐኪም ጋ ተበታትነሽ አትቆዪ። አንዱን ምረጪ፣ የሌላውን ወረቀት ሁሉ ይዘሽለት ሂጂ።

ሾተላይን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። አማትሽ ባዶ ነገር አላሉም፤ እሳቸው በዘመናቸው ልጅ በልጅ ላይ ሲሞትባቸው ያዩአቸው ሴቶች አሉ። ዛሬ ሕክምናው ሾተላይ የሚለው የእናትየው ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣውን ነው። ለዚያም መከላከያ መርፌ አለው። ያንቺ ደም ፖዘቲቭ ነው። አንቺን አይመለከትም፣ አለቀ።

ሥሩን ግን እንዳትጠጪ። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ነው፤ ሳታውቂው አርግዘሽ ሊሆን በሚችልበት ወር ደግሞ የባሰ ነው። እንዴት እምቢ ትያለሽ? በክርክር አይሆንም፣ ሴትየዋ የሚጨነቁት ላንቺው ነው። «እማዬ፣ ደሜን አስመርምሬ ሾተላይ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሐኪሙ ሌላ ነገር እንዳልቀላቅል አስጠንቅቆኛል። ሥሩ ይቅርና ጠበል አብረን እንሂድ፣ እርስዎም ይጸልዩልኝ» ብትያቸውስ? ሥራ ይሰጣቸዋል፣ ከጎንሽም ይቆማሉ። ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። እስኪ ልጠይቅሽ፤ ብትነግሪው የምትፈሪው ምን እንዲል ነው? «በሽተኛ ነሽ» እንዲልሽ? ወይስ ለእናቱ እንዲነግር? ወይስ ደግሞ ምንም ሳይል ዝም እንዲል? የምትፈሪውን ካወቅሽ ከየት እንደምትጀምሪ ታውቂያለሽ። እኔ ከደብዳቤሽ ያየሁት አንድ ነገር አለ። «የልብ ምቱን ከሰማን በኋላ» ነው ያልሽው። «ከሰማሁ» አላልሽም። እሱም እዚያ ነበር፣ እሱም ሰምቷል። አንቺን እንኳ የጠየቀሽ ሰው ካለ፣ እሱን «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለው የለም። ወንድ ልጅ በኛ ቤት እንዲህ ባለ ነገር ሲያለቅስ ስለማይታይ የማያዝን ይመስላል። ምናልባት ዝም ያለው እንዳያስለቅስሽ ነው። አንቺም የደበቅሽው እንዳይከፋው ነው። እንዲህ ሆናችሁ ስንት ወር ትችላላችሁ?

ስትነግሪው ቤት ውስጥ ሰው ባለበት፣ ወይም ሁለታችሁም ደክማችሁ እራት ላይ አይሁን። መኪና ካላችሁ መንገድ ተዘጋግቶ ቆማችሁ ስትጠብቁ ጥሩ ሰዓት ነው፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት አንዳንድ ወንድ ይቀልለዋል። ከውጤቱ አትጀምሪ። «ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሆነው ከአእምሮዬ አልወጣም፣ ካንተስ?» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ እሱ ያውራ፤ ወይም ዝም ይበል፣ ግን ዝምታውን ቶሎ አትሙዪለት። ቀጥሎ «ደሜ ላይ የታይሮይድ አንቲቦዲ ተገኝቷል። ልጆቻችንን ያጣነው በሱ ነው ማለት አይደለም፤ ግን መከታተል አለብን። ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ» በዪው። «እኔ ችግር አለብኝ» ብለሽ አትክፈቺው። ምርመራውም ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ አስፈላጊ ነው ካለ የሁለታችሁም ክሮሞዞም ይታያል። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ «የማን ጥፋት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እሱ ራሱ ይጠይቅ። መልሱን ከባለሙያ አፍ መስማቱ ለሁለታችሁም ይበጃል። እናቱን ማረጋጋት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሱ ሥራ ነው። ለምራት ከባድ የሆነው ነገር ለልጅ ቀላል ነው።

ነግረሽው በርግጥ ፊቱን ቢያዞርብሽ፣ ወይም ቤተሰቡ በዚህ ሰበብ ቢያዋክብሽ፣ ያን ጊዜ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው። አሁን ግን ያልሆነውን አንጠብቅ።

እሑድ የምትይው ክርስትና ላይ መሄድ ግዴታሽ አይደለም። ሕፃኑን አልወደድሽም ማለት አይደለም። ሦስት ምርጫ አለሽ። ቤተ ክርስቲያን ደርሰሽ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ለእናትየው «እንኳን ደስ አለሽ» ብለሽ፣ ለግብዣው ሳትቆዪ መመለስ። ወይም ስጦታውን በባለቤትሽ እጅ ልከሽ ቤት መቅረት። ወይም ደግሞ ካሰኘሽ ሄደሽ እስክስታውንም መምታት። ዓርብ ማታ አትወስኚ፤ እሑድ ጠዋት ስትነሺ የተሰማሽን አድርጊ። የቀረሽ እንደሆነ ምክንያቱን ለመደርደር አትድከሚ፣ «አሞኝ ነው» ይበቃል። ባለቤትሽ አስቀድሞ ይወቀው፤ «ሚስትህስ?» ሲሉት የሚመልሰው እሱ ነው።